ሳልቀምስ የማበስለው

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ጓሮዬ ጥግ በብሎኬት ከደረደርኩት ምድጃ ላይ ሦስት ጎድጓዳ የብረት ትሪዎች ይንፈቀፈቃሉ፤ እንፋሎቱ ከበረዶው በላይ ዝቅ ብሎ እየተጎተተ የጎረቤቴን አጥር ይጋርደዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋው ጎረቤቴ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ አሉና ጭልፋውን ከእጄ ወስደው ከመጨረሻው ትሪ ጨለፍ አደረጉ፤ እፍ እፍ ብለው ቀመሱት። ከዚያም ጭልፋውን መልሰው ሰጡኝና «አሁን ደግሞ አንተ ቅመስ፤ ምን ያህል እንደቀረው ንገረኝ» አሉኝ። ጭልፋውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ አዘንብዬ አወራረዱን አየሁት፣ መልሼም ወደ ትሪው ደፋሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልቀምስ ነገርኳቸው፤ በእርሳቸው አቆጣጠር ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ሽማግሌው ስድሳ ዓመት ሙሉ ከሜፕል ዛፍ ውሃ ጣፋጭ ሽሮፕ ሲያፈሉ ኖረዋልና የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «ስኳር የሚያፈላ ሰው ሳይቀምስ በምን ያውቃል?» አሉ።

የሜፕል ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙ የእኔ ምርጫ አይደለም። እኛ በምንኖርበት በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ዛፉ ውሃውን መስጠት የሚጀምረው ወደ የካቲት መገባደጃ ሲሆን ሚያዝያ ከገባ በኋላ ያቆማል፤ ጾሙ ደግሞ ከፋሲካ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ከእነዚህ ወራት ርቆ አይሄድም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ቀን ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። እኔ የመጀመሪያውን ዛፍ የበሳሁት የካቲት 25 ቀን ነው። ይህ ቀን በፈረንጆቹ የማርች ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ሲሆን የቬርሞንት መንደሮች ተሰብስበው ስለ መንገዳቸውና ስለ በጀታቸው የሚከራከሩበት፣ በድሮው ልማድ ደግሞ ገበሬው ዛፉን የሚበሳበት ዕለት ነው። የመጨረሻውን ቧንቧ የነቀልኩት በሰሙነ ሕማማት ስለነበር የዚያ ዓመት ሥራዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይተርፍ ጾሙ ውስጥ ወደቀ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፤ በእነዚያ ቀኖች ግን በአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ነኝ። ዕረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ የማፈላውም ያኔ ነው።

ቤቱንና በዙሪያው ያለውን ሁለት ሄክታር ተኩል መሬት የገዛነው በበረዶ ወቅት ስለነበር ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ሁሉ ለእኛ አንድ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ልንተክልና ዶሮ ልናረባ ነበር ሐሳባችን፤ እርሱንም አድርገናል። ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ተሰልፈው የቆሙት ወፋፍራም ዛፎች ሜፕል መሆናቸውን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ፣ ቅርንጫፎቹ እንደ ሰው ሁለት ክንድ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚወጡ፣ የአሮጌው ዛፍ ልጥም በረጃጅሙ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ እንደሚነሳ አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስሄድ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ፤ መኪና እየነዳሁ ዛፍ እቆጥራለሁ።

እናቴ በስልክ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «ሽሮፕ እያፈላሁ ነው» አልኳት፤ ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ ማንን ሳል ያዘው?» አለች። ልክ ናት፤ በእኛ ቤት ሽሮፕ ማለት ከፋርማሲ የሚመጣ፣ አፍንጫ ተይዞ በማንኪያ የሚጠጣ መድኃኒት ነው። ከዛፍ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ሲፈላ እንደ ማር ይሆናል ብዬ ባስረዳት ትንሽ ዝም ብላ «ንቡስ?» አለችኝ። ንብ የለውም። ይህ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፤ ንብ ያልደከመበትን ጣፋጭ ነገር ማር ብሎ መጥራት እንደ ማጭበርበር ነው የምታየው።

ንብ ባይኖርበትም የሚደክም አለ፤ ዛፉ ራሱ። ሜፕል በበጋው ፀሐይ የሠራውን ምግብ በስታርች መልክ በግንዱና በሥሩ ያጠራቅማል፤ ብርዱ ሲመጣ ከዚህ ስታርች የተወሰነው ወደ ስኳር ይለወጣል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ውሃው ይንቀሳቀሳል። ሌሊት ግንዱ ሲቀዘቅዝ በእንጨቱ ቃጫ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በረዶው እየተጋገረ ውሃውን ወደዚያ ይስባል፤ ሥሩም ከአፈር አዲስ ውሃ ወደ ላይ ይልካል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው በረዶው ይቀልጣል፣ የታመቀው አየር ይለጠጣል፣ በግንዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳ ካገኘ ውሃው ይወጣል። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ወይም ቀኑ ካልሞቀ ባልዲው ደርቆ ይውላል። በአሜሪካ ደመወዜ በሰዓት፣ ዕረፍቴ በወረቀት፣ ቀጠሮዬ በስልክ ማንቂያ ነው፤ የሜፕል ውሃ ግን ማክሰኞና ረቡዕ ዕረፍት ላይ መሆኔን አያውቅም፤ ብዙ ጊዜም የሚፈሰው ሐሙስ ነው።

ዛፉ በደረት ከፍታ ሲለካ ውፍረቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ አይነካም። ስምንት ሚሊ ሜትር በሆነ መሰርሰሪያ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ፈሳሹ ወደ ውጭ እንዲወርድ ጥቂት ወደ ላይ አዘንብዬ እበሳለሁ። ከቀዳዳው የሚወጣው ፍቅፋቂ ነጣ ያለ ክሬም ዓይነት ከሆነ እንጨቱ ሕያው ነው፤ ቡናማ ከሆነ የድሮ ቁስል ላይ አርፌአለሁ ማለት ነው። ዛፉ ቀዳዳውን መልሶ አይሞላውም፤ በዙሪያው ያለውን እንጨት ዘግቶ ይተወዋል፣ በላዩም አዲስ እንጨት ያበቅላል። የተዘጋው ክፍል ከእንግዲህ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ በየዓመቱ ከአሮጌው ጠባሳ ራቅ ብሎ፣ ከላይ ወይም ከጎን፣ አዲስ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

አባቴ በወጣትነቱ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ሁለት በጋ ከእጣን ለቃሚዎች ጋር ሠርቶ ነበር። ልጡን በትንሹ እንደሚልጡት፣ ዛፉ እንደሚያለቅስ፣ እንባው ሲደርቅ ተመልሰው እየለቀሙ ቁስሉን እንደሚያድሱት ይተርክልን ነበር። ያለ ዕረፍት የሚቆሰል የእጣን ዛፍ እየደከመ እንደሚሄድ እርሱም ያውቅ ነበር፤ ቀጣሪው ግን በኪሎ ስለሚከፍል ማንም ዛፍ አያሳርፍም። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስበሳ ትዝ ያለኝ ይህ ነው፤ ባልዲ ሰቅዬ ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ሲል ስሰማ ደስታዬ ከሐፍረት ጋር ተደባለቀ። በወፍራሙ ዛፍ ላይ ሁለት ቧንቧ እንኳ ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዛፍ ላይ ሃያ ሁለት ቧንቧ ብቻ ነው ያለኝ። ጎረቤቴ ይስቁብኛል።

ባልዲው ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር ውሃ ነው። ሲያዩት ውሃ፣ ሲነኩት ውሃ፤ ሲጠጡት ጣፋጭነቱ የሚታወቀው ከዋጡት በኋላ ነው። ስኳሩ ሁለት በመቶ ያህል ነው። እዚህ ያሉ ሰዎች አንድ ቀላል ሒሳብ አላቸው፤ 86ን በስኳሩ መቶኛ ሲያካፍሉት ለአንድ ሊትር ሽሮፕ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያስፈልግ ያገኛሉ። ሁለት በመቶ ከሆነ 43 ሊትር፣ ከረግረጉ ዳር እንዳሉት ቀይ ሜፕሎች አንድ ተኩል በመቶ ከሆነ 57 ሊትር። የቀረው ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሽሮፕ አፈላለሁ ይባላል እንጂ ሥራው ውሃ ማባረር ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ውሃውን በፕላስቲክ ቱቦና በፓምፕ ከጫካው ይስባሉ፣ ከመፍላቱ በፊትም አብዛኛውን ውሃ በማጣሪያ መሣሪያ ያስወግዳሉ፤ እኔ ያለኝ እሳትና ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይገኝም።

ውሃው እንደ ወተት ነው፤ ከሞቀ ይበላሻል። ከሥራ ስመለስ በሌሊት በባትሪ እየሰበሰብኩ በበረዶ ክምር ውስጥ በቀበርኳቸው በርሜሎች አስቀምጠዋለሁ፤ ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ ግን አላቆየውም። በመጀመሪያው ዓመት ነገሩን ስላላወቅሁ ወጥ ቤት ውስጥ በሁለት ትልልቅ ድስት ለማፍላት ሞከርኩ። አርባ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሆኖ ወዴት ይሄዳል ብዬ አልጠየቅሁም። ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ከጣሪያው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው። ማታ ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ የግድግዳው ወረቀት ከማዕዘኑ ተላቆ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የቁም ሳጥኑ እጀታ ጣት ይይዛል። ምንም አልተናገረችም፤ በማግስቱ ብሎኬት ገዝታ ጓሮ አስደርድራ ጠበቀችኝ።

የምድጃው ነገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ ጉልቻው ረዘመ እንጂ ጉልቻ ነው። በአንደኛው ጫፍ እንጨት ይገባል፣ በሌላኛው ጭስ ማውጫ ቆሟል፣ ትሪዎቹ በመካከል ተደርድረዋል። ቀዝቃዛው ውሃ ከኋላኛው ትሪ ይጨመራል፤ እየሞቀና እየወፈረ በጭልፋ ወደ ፊተኛው ይሻገራል። እሳቱ በደንብ ከነደደ በሰዓት 20 ሊትር ያህል ይበራል፤ ስለዚህ ሁለት በርሜል ይዞ የጀመረ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ከምድጃው አይለይም።

ብዙ ያስተማረኝ አረፋው ነው። ስኳሩ እየበዛ ሲሄድ ትሪው በድንገት ነጭ አረፋ ያነሳል፤ አረፋው ይወጣል፣ ይወጣል፣ በጠርዙ ይገነፍላል፤ እሳት ላይ የወደቀው ሽሮፕ ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያይም። ጎረቤቴ ለዚህ መላ አላቸው። አንድ ቀን ጠዋት በክር የታሰረ፣ ጨው የበዛበት የአሳማ ጮማ ይዘው መጡና ከትሪው በላይ አራት ጣት ከፍ አድርገው ሰቀሉት። አረፋው ተነስቶ ጮማውን ሲነካ ጥቂት ስብ ይቀልጥበታል፣ አረፋውም ይወድቃል። የአባታቸው ብልሃት ነው፤ ይሠራልም። ነገር ግን አሳማ ጾም ባይሆንም ከቤታችን አይገባ፣ ስብ ደግሞ በሁዳዴ የማይታሰብ ነው፤ ሽማግሌው በአንድ ክር ሁለት ችግር አንጠልጥለው መጡ። ፊቴን አይተው «ግድ የለም፣ ቅቤም ይሆናል» አሉኝ። ሦስተኛ ችግር።

ለቀልድ አይደለም የማነሳው። ሜፕል ሽሮፕ ከዛፍ የወጣ ነገር በመሆኑ የጾም ነው ብለን በሱፐርማርኬት የምንገዛ ሁሉ አረፋው በምን እንደተገታ አናውቅም፤ ብዙውን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። ዛሬ በርካታ አምራቾች ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ይጠቀማሉ፤ በድሮው መንገድ የሚሠራው ግን የቅቤ ቁራጭ ወይም ጠብታ ክሬም ጣል ያደርግበታል። አንዲት የጥፍር ያህል ቅቤ በአርባ ሊትር ውስጥ ምን ታመጣለች የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ኋላ ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች እወስድላቸዋለሁ ብዬ የማስበውን ነገር በልቤ «ምንም አይደል» እያልኩ ማፍላት አልወደድኩም። ሰሊጥ ዘይት ሞከርኩ፤ ሽሮፑ ሰሊጥ ሰሊጥ አለ። በመጨረሻ ያዋጣኝ የሱፍ ዘይት ነው። በብልቃጥ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። አረፋው ከትሪው ጠርዝ አንድ ጣት ሲቀረው በእንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ አንስቼ መካከሉ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ያ ሁሉ ኩራት በቅጽበት ይሟሽሻል፤ መጀመሪያ መካከሉ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ጠርዙ ተከትሎ ይወርዳል፣ ከሥሩም ወርቃማው ፈሳሽ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተፍለቀለቀ ይገለጣል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም አረፋው ሲነሳ ልቤ አብሮ ይነሳል።

የጎረቤቴን ጥያቄ በዚያ ማክሰኞ አፍረጥርጬ አልመለስኩላቸውም። መልሱን ያገኘሁት ማታ እጄን ስታጠብ ነው፤ እናቴ በሁዳዴ ስትሠራ ከማስታውሰው። እናቴ ጾሙን ሙሉ ሽሮ ትሠራለች፣ ምስር ትከካለች፣ ጎመን ትቀቅላለች፤ ጨው መብዛት ማነሱን ግን በምላሷ አታውቅም። ጨዉን በእጇ መዳፍ ላይ አፍስሳ ትመዝነዋለች፣ የወጡን መዓዛ ታሸታለች፣ የዘይቱን አወጣጥ ታያለች። ከተጠራጠረች ከልጆቹ መካከል ገና ያልጾመውን ትጠራለች፦ «ና እስቲ አንተ፣ ጨው ቅመስልኝ»። ማንኪያ ጫፍ ላይ ያለችውን ሽሮ ቀምሼ «ትንሽ ይቀራል» ስል የቤቱ ሁሉ ምሳ በእኔ ፍርድ ላይ እንደቆመ ይሰማኝ ነበር። በጾም ሳይቀምሱ ማብሰል በአገራችን የእናቶች ሁሉ ሙያ ነው፤ እኔ ወደ ቬርሞንት ይዤው መጣሁ እንጂ አላገኘሁትም።

ሽሮፕ ደግሞ ከወጥ ይልቅ ለማይቀምስ ሰው የተመቸ ነው፤ መድረሱ በቁጥር ይታወቃልና። ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ሲል ሽሮፕ ሆኗል ማለት ነው። ውሃ ግን በየቦታው በአንድ ሙቀት አይፈላም። ግቢያችን ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ99 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ሲለዋወጥም ከቀን ቀን ይዛነፋል። ስለዚህ በየማለዳው አስቀድሜ ንጹሕ ውሃ አፈላና ቴርሞሜትሩ የቆመበትን እጽፋለሁ። ጎንደር ላይ ባፈላው ውሃው 93 ገደማ ላይ ይፈላና ሽሮፑ በ97 ይደርስ ነበር፤ ሜፕሉን ማን ያመጣልኛል እንጂ።

ከቁጥሩ በፊት ግን ጆሮ ይሰማል። ውሃ ሲፈላ ድምፁ የተበታተነ ነው፤ ሊደርስ ሲል ዝቅ ይላል፣ ይከብዳል፣ ገንፎ ሲበስል እንደሚለው ቡፍ ቡፍ ማለት ይጀምራል። ትልልቁ አረፋ ደቅቆ በጥቅጥቅ ይሞላል። ጭልፋውን አንስቼ በጎኑ ባዘነብለው መጀመሪያ ላይ ጠብታዎቹ ተለያይተው ይወርዳሉ፤ ሲደርስ ግን ሁለት ጠብታዎች ጠርዙ ላይ ተቃቅፈው እንደ ቀጭን መጋረጃ ይንጠለጠላሉ፣ መጋረጃውም ጊዜ ወስዶ ተቆርጦ ይወድቃል። ያን ሳይ እሳቱን አወጣለሁ። በመጨረሻ የስኳሩን መጠን የሚለካውን ሃይድሮሜትር በረጅሙ ኩባያ ውስጥ አንሳፍፋለሁ። የቬርሞንት ሕግ ለሽያጭ በሚቀርብ ሽሮፕ ውስጥ ስኳሩ በክብደት ቢያንስ 66.9 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የአገሪቱ ዝቅተኛ መለኪያ 66 ነው፤ ጎረቤቴ በዚህች ዘጠኝ ዐሥረኛ እንደ አገር ድል ይኮራሉ። እኔ ባልሸጥም እጠብቀዋለሁ፤ ከቀጠነ ይቦካል፣ ከወፈረ ጠርሙሱ ሥር ስኳር ይጋገራል።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጄን እጠራታለሁ። ገና አትጾምም። ማንኪያውን እፍ ብዬ ሰጥቻት «ጨዉ እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ ከንፈሯን ልሳ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደ ትልቅ ሰው አስባ «ትንሽ ይቀራል» ትላለች። ሁልጊዜ ይቀራል። ሁለተኛ ማንኪያ እንደሚመጣ ታውቃለች።

የመጨረሻዋን ሰዓት ቆሜ መጠበቅን የተማርኩት በ2015 ዓ.ም. ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ ማፍላት ጀመርኩ፤ ዘጠና ሊትር ውሃ ነበረኝ። ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በፊተኛው ትሪ ውስጥ ያለው ሁለት ጣት ያህል ቀረ፤ «አሁን ደረሰ፣ ትንሽ ብቻ» እያልኩ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያነቃኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ስኳር መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቡና ሲቆላ ይመስላል፤ ወዲያው ይመርራል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ትሪው ውስጥ ጥቁር ነገር እየተነፋፋ ይፈነዳል፤ ጭሱ ከጥቁርነቱ ብዛት በሌሊት ይታያል። በጓንት ይዤ በረዶው ላይ ወረወርኩት፤ ጭስስ ብሎ ወደ ውስጥ ሰጠመ፣ ብረቱም እንደ ቆርቆሮ ጮኾ ተጣመመ። ጠዋት ሳየው ከሥሩ የቀረው እንደ ሬንጅ የጠጠረ አንድ ጣት ከሰል ነበር። ሁለት ሊትር ሽሮፕ፣ አንድ ትሪና የአንድ ሳምንት የጎረቤት ቀልድ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጭ እሳት ላይ ከአራት ሳንቲ ሜትር በታች አላወርደውም፤ የመጨረሻውን ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ድስት፣ ቆሜ አጠናቅቀዋለሁ። መቆሙ ዋና ነገር ነው።

የደረሰው ሽሮፕ ሳይቀዘቅዝ በወፍራም ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዛፉ የመጣው ማዕድን ሲፈላ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይዘቅጣልና። ጠጅ ያጠለለ ሰው ሊያስተምሩት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ይህ በሙቅነቱ ካልወረደ ጨርቁ ላይ ቆሞ መቅረቱ ብቻ ነው። ከዚያ ከ82 ዲግሪ ሳይወርድ በጠርሙስ ይገባል፣ ይዘጋል፣ ክዳኑም እንዲሞቅ ይጋደማል።

ከምድጃው አጠገብ ሰዓቱን ስጠብቅ ደጋግሜ የማስበው አንድ ታሪክ አለ። ሜፕልን ማፍላት አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት አቤናኪን የመሳሰሉ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች የሚያውቁት ሥራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ በፊላደልፊያ የነበሩ የባርነት ተቃዋሚዎች ከካሪቢያን በባሮች ጉልበት የሚመጣውን የሸንኮራ አገዳ ስኳር በሜፕል ስኳር ለመተካት ተነሡ፤ ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ በ1791 እ.ኤ.አ. ለቶማስ ጄፈርሰን ስለ ዛፉ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። ጄፈርሰንም በዚያው ዓመት በቬርሞንት በኩል አልፎ ሜፕሉን አየ፣ ችግኝ አስመጥቶ በቨርጂኒያ ርስቱ ላይ አስተከለ። አልሆነለትም፤ አየሩ አልተስማማቸውም። የባሪያ እጅ ያልነካው ስኳር እንዲገኝ የተከለው ሰው ርስቱን የሚያለማው በባሮች ነበር። ከጣፋጭ ነገር ስለ ኅሊና መታቀብ በዚህ ምድር ላይ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በማወቄ ደስ ይለኛል፤ የጄፈርሰን ጉድጓድ ያን ችግኝ አልቀበልም ማለቱም፣ ልክ ይሁን አይሁን፣ ትንሽ ያረካኛል።

በ2017 ወቅት 790 ሊትር ውሃ ሰብስቤ 18 ሊትር ተኩል ሽሮፕ አወጣሁ። ባለቤቴ ሒሳብ ታውቃለች፤ የጠርሙሱን፣ የማጥለያውን፣ የትሪውን ዋጋ ደምራ፣ የእኔን ሰዓት በመጦሪያው ደመወዝ አባዝታ፣ አንዱ ሊትር ስንት እንደፈጀ በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ከጠርሙሶቹ ግማሹ በየዓመቱ ቦስተን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። እናቶቹ በመጀመሪያው ዓመት ጠርሙሱን እያገላበጡ የሳል መድኃኒት መስሏቸው ነበር፤ አሁን «የጾሙ መጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ከትኩስ አምባሻ ጋር ይበሉታል፣ አንዷ ደግሞ ቡና ላይ ጨምራ ስትጠጣ አይቼ ደነገጥኩ።

የውሃው ጠባይ ወቅቱ ሲገፋ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚፈላው ወርቃማ ነው፤ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ በውሃው ውስጥ የሚራቡት ረቂቅ ሕዋሳት ስኳሩን ስለሚሰባብሩት እያደር ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበረታል። ቬርሞንት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽሮፑን በአራት ቀለም ትመድበዋለች። ቱሪስት የሚወደው ወርቃማውን ነው፤ እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ፤ የተቆላ ነገር ጣዕም አለው፤ የእኛ ምላስ ለዚያ የተሠራ ይመስለኛል። ለደብረ ዘይት ሰሞን ባልዲዎቹ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልተው ነበር። በኒቆዲሞስ ሳምንት ከረግረጉ ትንንሾቹ እንቁራሪቶች መጮህ ጀመሩ፤ ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ባልዲያቸውን ያወርዳሉ። እምቡጡ ሲያብጥ የውሃው ኬሚስትሪ ይለወጣልና ከዚያ በኋላ የሚፈላው ሽሮፕ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ያን ምንም ቀለም አያድነውም።

ቧንቧዎቹን የነቀልኩት በሕማማት ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጄ ባልዲ ይዛ ትከተለኛለች። እያንዳንዱን ቧንቧ በመዶሻ ጎን መታ መታ አድርጌ ሳወጣው ቀዳዳው ጥቂት ያነባል፤ ብዙዎቹ ደርቀዋል፣ ከካቡ አጠገብ ያለው ትልቁ ግን ገና አላቆመም። ጣቴን ቀዳዳው ላይ ሳስቀምጥ ውሃው ቀዝቅዞ በመዳፌ ወረደ። ልጄ ጣቷን አጠገቤ አድርጋ አራሰችና ላሰችው። «ጨዉ እንዴት ነው?» አልኳት። «አንተ ቅመሰው» አለችኝ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር፤ ጣቴን በሱሪዬ ጠረግኩና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄድን።